የእጅ ስልክን የላፕቶፕ የኢንተርኔት መስመር ስለ ማድረግ

በአሁኑ ዘመን የንግድ ደብዳቤ የሚላከውም፣ መልሱም የሚጠበቀው በኢንተርኔት መሆኑን ለዚህ ጋዜጣ አንባቢዎች መንገር ለቀባሪ ማርዳት ይሆናል። ይሁን እንጂ የቢሮው መስመር በድንገት በተቋረጠ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ አስቀድሞ ያሰበ የንግድ ቤት ብዙ አይደለም። መብራት ሲጠፋ፣ ወይም መንገድ ሲቆፈር ገመዱ ሲበጠስ ጸሓፊው እጁን አጣምሮ ይቀመጣል፤ አሠሪውም በየአምስት ደቂቃው «መስመሩ መጣ ወይ?» እያሉ ይጠይቃሉ። በዚህ ጊዜ ሁሉ ግን በአሠሪውም በጸሓፊውም ኪስ ውስጥ ሌላ መስመር ተቀምጦ ይገኛል፤ ይኸውም የእጅ ስልክ ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የአንድ ነጋዴ ጸሓፊ እንጂ የኤሌክትሮኒክስ ሊቅ አይደለም። ትምህርቴም የሁለተኛ ደረጃ ነው። ነገር ግን የእጅ ስልክን ከላፕቶፕ ጋር አገናኝቶ መሥራትን በመጽሐፍ ሳይሆን በኪሳራ ስለ ተማርኩት፣ ሌላው የሥራ ባልደረባዬ በነጻ እንዲማረው ብዬ ይህን ለመጻፍ ተነሣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከጥቂት ዓመታት በፊት በክረምት ወራት አሠሪዬ ነጭ ቦሎቄ ወደ ውጭ አገር ለመላክ ተዋውለው፣ ዕቃው በጅቡቲ ወደብ ለመጫን ተዘጋጅቶ ነበር። የመርከቡ ወኪል የጭነት ሰነዱን ማለት የቢል ኦፍ ሎዲንጉን ረቂቅ በጠዋት ልኮልን፣ እርማት ካለ በዚያው ዕለት እስከ 11 ሰዓት ድረስ እንድናስታውቅ ጠይቋል። ረቂቁን ከኢንቮይሳችን ጋር ሳስተያየው የከረጢቱ ቁጥር አልተስማማም። በሌተር ኦፍ ክሬዲት የሚሸጥ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። የዓለም አቀፍ የንግድ ምክር ቤት ባወጣውና ዩሲፒ 600 ተብሎ በሚጠራው ደንብ መሠረት፣ በሰነዶቹ ላይ የተጻፈው ነገር እርስ በርሱ ከተቃረነ ባንኩ ሰነዱን አልቀበልም ለማለት መብት አለው። የእርማቱን ደብዳቤ አዘጋጅቼ ልልክ ስል መብራት ጠፋ፤ ከመብራቱም ጋር ኢንተርኔቱ ሄደ።

በቁም ሳጥን ውስጥ ለብዙ ሳምንታት ሳይነካ የተቀመጠ ላፕቶፕ ነበረን። እሱን አውጥቼ፣ የአሠሪዬን ስልክ ተቀብዬ፣ አንድ ወጣት ሠራተኛችን እንዳሳየኝ አድርጌ አገናኘሁት። ስልኩ ላይ አንድ ጊጋባይት ያህል የኢንተርኔት ጥቅል ነበረበት። ደብዳቤውን ጻፍኩ፤ የታረመውን ረቂቅ አያያዝኩ፤ «ላክ» የሚለውን ተጫንኩ። አሠሪዬም «ሄደ ወይ?» ብለው ቢጠይቁኝ «ሄዷል ጋሼ» ብዬ መለስኩ። አልሄደም ነበር። ላፕቶፑ መስመር ባገኘበት በዚያች ቅጽበት፣ በሳምንታት ውስጥ የተጠራቀመውን የዊንዶውስ እድሳት ከኋላ ሆኖ ማውረድ ጀምሮ ኖሯል። ደብዳቤዬ ተራውን ሲጠብቅ ጥቅሉ አለቀ፤ ደብዳቤውም «አውትቦክስ» በሚባለው ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ አደረ። በማግሥቱ ባየሁት ጊዜ የተሰማኝን ለመግለጽ አልሞክርም። መርከቡ ከተነሣ በኋላ ሰነዱን ለማሳረም ክፍያ ከፈልን፤ የተሰጡንን ዋና ቅጂዎች መመለስ አስፈለገን። ከሁሉም ይልቅ የከፋው የጠፋው ቀን ነው። ሌላ ቀን በውሉ ካልተወሰነ በቀር፣ ዕቃው ከተጫነበት ቀን ጀምሮ በ21 ቀን ውስጥ ሰነዱ ለባንክ መቅረብ አለበትና።

ከዚህ የተረዳሁት ስልክን መስመር አድርጎ መክፈት የደቂቃዎች ሥራ ሲሆን፣ ችግሩ ያለው ላፕቶፑ ከምን እንደሚጠጣ አለማወቁ ላይ መሆኑን ነው። የቢሮው መስመር እንደ ቧንቧ ነው፤ ስልኩ ግን እንደ እንስራ ነው። ላፕቶፑ ካልነገሩት በቀር እንስራውን ቧንቧ መስሎት እስኪደርቅ ድረስ ይጨልጠዋል።

ወደ አሠራሩ ከመግባታችን በፊት ስለ ነገሩ ምንነት ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በአገራችን የእጅ ስልክ አገልግሎት በ1991 ዓ.ም. ሲጀመር ሥራው ንግግር ማስተላለፍ ነበር። ከጊዜ በኋላ ግን ያው የሬድዮ ሞገድ ጽሑፍንና ሥዕልን መሸከም ቻለ፤ በ2007 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ 4ጂ የተባለው ፈጣን አገልግሎት ተከፈተ። ከ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ደግሞ ከኢትዮ ቴሌኮም ሌላ ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ አገልግሎት ስለሚሰጥ ብዙ ነጋዴ ሁለት ሲም ካርድ ይዞ ይገኛል። ስልኩ ከማማው የሚቀበለውን ኢንተርኔት ለራሱ ብቻ ሳያውለው ለሌላ መሣሪያ እንዲያካፍል ማድረግ «ቴዘሪንግ» ይባላል፤ ያካፈለውን በዋይፋይ አማካይነት ሲረጨው «ሆትስፖት» እንለዋለን። ለዚህ ሥራ ምንም ተጨማሪ ዕቃ መግዛት አያሻም። የአንድሮይድ ስልኮች በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2010፣ አይፎኖች ደግሞ ከ2011 ጀምሮ ይህን ችሎታ በውስጣቸው ይዘዋል።

አንድ ነገር አስቀድሞ መመርመር ይገባል፤ በእርግጥ የተቋረጠው መስመሩ ነውን? መብራት በጠፋ ጊዜ ብዙውን ጊዜ የሚሞተው ገመዱ ሳይሆን በቢሮው ግድግዳ ላይ ያለው ሳጥን ማለት ራውተሩ ነው። ለዚያ ሳጥን የምትሆን አነስተኛ ባትሪ ገዝቶ ማስቀመጥ የሚቻል ስለሆነ፣ ችግሩ ይኸው ብቻ ከሆነ ስልክ ማስቸገር አያስፈልግም። ሳጥኑ በርቶ ሳለ መስመር ከሌለ ግን ወደ ስልኩ እንሂድ።

በመጀመሪያ ስልኩ ለራሱ ኢንተርኔት ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። የስልኩን ዋይፋይ አጥፍቶ፣ ሞባይል ዳታውን ከፍቶ፣ አንድ ገጽ በስልኩ ላይ ማንበብ ይበቃል። ለራሱ የሌለው ስልክ ለላፕቶፕ ሊሰጥ አይችልም፤ ይህንን ትንሽ ፈተና ዘለው ላፕቶፑን ሲነካኩ ግማሽ ቀን ያጠፉ ሰዎች አውቃለሁ። ቀጥሎ የቀረው ጥቅል ምን ያህል እንደሆነ ይታይ። በኢትዮ ቴሌኮም ቅድመ ክፍያ ስልክ *804# ብሎ በመደወል ቀሪ ሂሳብን ማወቅ ይቻላል። ጥቅሉ የሚያበቃበትንም ሰዓት ማየት አይዘንጋ፤ የዕለት፣ የሳምንትና የወር ጥቅል ስላለ፣ ሳይነካ ጊዜው ያለፈበት ጥቅል እንዳልተገዛ ይቆጠራል። የሌሊት ጥቅል ገዝቶ በቀን ለመጠቀም የሚፈልግም አይጠፋም፤ ዋጋው ርካሽ የሆነው በሌሊት ስለሆነ ነው። ጥቅሉም ሲያልቅ ስልኩ ዝም ብሎ አይቆም ይሆናል፤ ከዋናው ሂሳብ እየቀነሰ በመደበኛው ታሪፍ ሊቀጥል ይችላል፤ ይህም ከጥቅሉ ዋጋ ጋር ሲተያይ ውድ ነው።

አሁን መክፈት ነው። በአንድሮይድ ስልክ «ሴቲንግ» ወደሚለው ተገብቶ፣ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ በሳምሰንግ ደግሞ «ኮኔክሽንስ» የሚለው ሲነካ፣ በዚያ ውስጥ «ሆትስፖት ኤንድ ቴዘሪንግ» የሚል ይገኛል። ቃሉ ከስልክ ስልክ ጥቂት ይለያያል፤ ነገር ግን «ሆትስፖት» የሚለው ቃል ከሁሉም ላይ ስለማይጠፋ እሱን መፈለግ ነው። በአይፎን «ሴቲንግ» ውስጥ «ፐርሰናል ሆትስፖት» የሚለው ተከፍቶ «አላው አዘርስ ቱ ጆይን» የሚለው ይበራል። አይፎን ያለው ሰው ላፕቶፑ እስኪገናኝ ድረስ ከዚያ ገጽ ባይወጣ መልካም ነው፤ ከወጣ ላፕቶፑ ስልኩን ላያየው ይችላል። ብዙ ስልኮች ደግሞ ለጥቂት ደቂቃ የሚገናኛቸው መሣሪያ ካጡ ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ሆትስፖቱን ራሳቸው ይዘጉታል፤ ስለዚህ ላፕቶፑ አስቀድሞ ተከፍቶ ቢጠብቅ ይሻላል።

ስለ ስምና ስለ ይለፍ ቃል ጥቂት ልቆይበት እወዳለሁ። ሆትስፖት ሲከፈት ስሙ በአካባቢው ላለ ስልክ ሁሉ ይታያል። የንግድ ቤቱን ስም ወይም የባለቤቱን ስም በዚያ ላይ መጻፍ፣ «እነ እገሌ ኢንተርኔት ከፍተዋል» ብሎ ለሠፈሩ ማወጅ ነው። በአይፎን የሆትስፖቱ ስም የስልኩ ስም ስለሆነ፣ መለወጥ የሚፈልግ «ጄኔራል» ከሚለው ውስጥ «አባውት» የሚለውን ገብቶ ይለውጠዋል። የይለፍ ቃሉ ደግሞ ቢያንስ 8 ፊደል መሆን ግዴታው ነው፤ 12 ቢሆን ይመረጣል። 12345678 የይለፍ ቃል አይደለም። የስልክ ቁጥራቸውን የሚያደርጉ አሉ፤ ይኸው ቁጥር በሱቁ በር ላይ በትልቁ ተጽፎ ሳለ! አንድ ጊዜ የእኛን የይለፍ ቃል ለአንድ እንግዳ ሰጥተን፣ እንግዳው ለጓደኛው፣ ጓደኛውም ለጎረቤት ሱቅ ሠራተኛ አካፍሎ፣ በሦስተኛው ቀን በስልኩ ላይ የተገናኙትን መሣሪያዎች ብቆጥር አራት አገኘሁ። የእኛ አንድ ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ እንግዳ በተጠቀመ ማግሥት ቃሉን እለውጣለሁ፤ ቅርታ ያለበት እንግዳ እስካሁን አላጋጠመኝም። የጥበቃውን ዐይነት በሚመለከት «ደብሊውፒኤ2» ወይም «ደብሊውፒኤ3» የሚለው ይመረጥ፤ «ኦፕን» የሚለው ያለ ቁልፍ በር ማለት ነው።

በላፕቶፑ በኩል ያለው ሥራ አጭር ነው። ከታች በስተቀኝ ያለው የዋይፋይ ምልክት ሲነካ በአካባቢው ያሉ መስመሮች ስም ይዘረዘራል፤ የስልኩን ስም መርጦ የይለፍ ቃሉን ማስገባት ነው። ትልቅና ትንሽ ፊደል እንደሚለያይ አይረሳ። ስሙ ካልታየ፣ ላፕቶፑ አሮጌ ሆኖ 5 ጊጋኸርዝ የሚባለውን ሞገድ የማያይ ሊሆን ስለሚችል፣ በስልኩ የሆትስፖት ማስተካከያ ውስጥ ሞገዱን ወደ 2.4 ጊጋኸርዝ መለወጥ ይበጃል። በአዳዲሶቹ አይፎኖች «ማክሲማይዝ ኮምፓቲቢሊቲ» የሚለውን ማብራት ይህንኑ ያደርጋል። 2.4 ግድግዳ በማለፍ የተሻለ ሲሆን፣ 5 በቅርብ ርቀት ይፈጥናል።

ዋይፋይ ሳይፈለግ በገመድም መገናኘት ይቻላል፤ እኔም ብቻዬን ስሠራ የምመርጠው ይህንን ነው። የስልኩን የቻርጀር ገመድ ከላፕቶፑ ጋር አገናኝቶ፣ በአንድሮይድ «ዩኤስቢ ቴዘሪንግ» የሚለውን ማብራት ነው። ገመዱ ግን ኤሌክትሪክ ብቻ ሳይሆን መረጃም የሚያስተላልፍ መሆን አለበት፤ በየመንገዱ በርካሽ ከሚሸጡት ውስጥ ስልክ ከመሙላት በቀር ሌላ ሥራ የማያውቁ አሉና። የገመዱ ጥቅም ሦስት ነው ሊባል ይችላል፤ ሌላ ሰው ሊገባበት አይችልም፤ ስልኩ ባትሪው እየሞላ ይሠራል፤ ከዋይፋይም ይልቅ የጸና ነው። ጉዳቱ መብራት በጠፋ ጊዜ ስልኩ የላፕቶፑን ባትሪ መብላቱ ነው። ብሉቱዝ የሚባል ሦስተኛ መንገድም አለ፤ ባትሪ ይቆጥባል፤ ዝግተኛ ስለሆነ ግን ለጽሑፍ ደብዳቤ እንጂ ለሌላ አይሆንም።

አሁን ወደ እንስራውና ቧንቧው ነገር እንመለስ። በዊንዶውስ 10 እና 11 ላይ ለእያንዳንዱ መስመር «ሜትርድ ኮኔክሽን» የሚል ማብሪያ አለ፤ ትርጉሙም «ይህ መስመር በልክ የሚከፈልበት ነው» እንደ ማለት ነው። ከስልኩ ጋር ከተገናኙ በኋላ «ሴቲንግ» ውስጥ «ኔትወርክ ኤንድ ኢንተርኔት»፣ ከዚያም «ዋይፋይ»፣ ቀጥሎ የተገናኙበት መስመር ማብራሪያ ሲከፈት ይገኛል። ይህ በበራ ጊዜ ዊንዶውስ አብዛኛውን እድሳት ከማውረድ ይታቀባል፤ ዋንድራይቭ የሚባለውም የፋይል ማከማቻ መላኩን ያቆማል። እኔ በዚያ የክረምት ቀን ይህችን አንዲት ማብሪያ ብነካት ኖሮ ደብዳቤው በደረሰ ነበር። በማክ ላፕቶፕ ላይ ይህንኑ የሚመስለው «ሎው ዳታ ሞድ» ይባላል።

ስለዚህች ማብሪያ ግን ሁለት ነገር ሳይታወቅ ብዙ ሰው ይሳሳታል። አንደኛው፣ ዊንዶውስ ትእዛዙን የሚያስታውሰው በመስመሩ ስም ነው። የሆትስፖቱ ስም ከተለወጠ፣ ወይም በአሠሪው ስልክ ፈንታ የሌላ ሠራተኛ ስልክ ከመጣ፣ ለላፕቶፑ አዲስ መስመር ስለሆነ እንደገና ማብራት ያስፈልጋል። ሁለተኛው፣ በገመድ ሲገናኙ ላፕቶፑ ስልኩን ዋይፋይ ሳይሆን «ኢተርኔት» ብሎ ስለሚመዘግበው፣ ማብሪያውን እዚያም ገብቶ ለብቻው ማብራት ይገባል። በዋይፋይ አብርቼዋለሁ ብሎ በገመድ ሲሠራ ጥቅሉ ያለቀበት ሰው ለምን እንደ ሆነ ሳያውቅ ስልኩን ይረግማል። በተጨማሪም በዊንዶውስ እድሳት ገጽ ላይ በልክ በሚከፈልበትም መስመር እድሳት እንዲወርድ የሚፈቅድ ሌላ ማብሪያ ስላለ፣ እሱ መዘጋቱን ማየት ነው።

ይህም ሁሉ ሆኖ ዊንዶውስን የማይሰሙ ፕሮግራሞች አሉ። ከነዚህም ዋናው በእኛ ነጋዴዎች ዘንድ ቴሌግራም ነው። ዋጋ፣ ናሙናና የጭነት ፎቶግራፍ የሚመላለስበት መሆኑ መልካም ነው፤ ነገር ግን አንድ ሰው በሃያ የንግድ ቡድኖች ውስጥ ገብቶ ሳለ ፎቶግራፉና ቪዲዮው ሁሉ ሳይጠየቅ በራሱ እንዲወርድ ከተተወ፣ የአንድ ቀን ጥቅል በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። በቴሌግራሙ ማስተካከያ ውስጥ ፎቶና ቪዲዮ በራሱ የሚወርድበትን መዝጋት ያስፈልጋል። ፋይል ወደ ጎግል ድራይቭ የሚልክ ፕሮግራም ካለም ለጊዜው እንዲያርፍ ይታዘዝ።

ስለ መጠኑ ልክ አንባቢ ግምት እንዲኖረው ያህል፤ አንድ ጊጋባይት ወደ 1,000 ሜጋባይት ነው። ጽሑፍ ብቻ ያለበት ደብዳቤ ከአንድ ሜጋባይት እጅግ ያነሰ ስለሆነ በአንድ ጊጋባይት ብዙ መቶ ደብዳቤ ይላካል። በቀለም ስካን የተደረገ ሰነድ ግን አንዱ ገጽ ብቻ ብዙ ሜጋባይት ሊሆን ይችላል። ለባንክና ለጉምሩክ የሚላክ ማኅተም ያለበት ሰነድ ቀለሙ ያስፈልጋል፤ የቀረው በጥቁርና ነጭ፣ በ200 ዲፒአይ ስካን ቢደረግ ጠርቶ ይነበባል፤ ክብደቱም እጅግ ይቀንሳል። የቪዲዮ ስብሰባ በሰዓት ከግማሽ ጊጋባይት በላይ መውሰዱ የተለመደ ነው፤ የራስን ካሜራ ማጥፋት ጥቂት ይረዳል፤ የሌሎችንም ሥዕል ትቶ በድምፅ ብቻ መሰብሰብ ግን ይበልጥ ይረዳል። የዊንዶውስ ወርኀዊ እድሳት ብዙ መቶ ሜጋባይት፣ ዓመታዊው ታላቅ እድሳት ደግሞ ብዙ ጊጋባይት ነው። ስለዚህ በቁም ሳጥን የሚቀመጠውን ላፕቶፕ በየሁለት ሳምንቱ አውጥቶ በቢሮው መስመር ማደስ ልማዴ ሆኗል፤ በችግር ቀን የተራበ ሆኖ እንዳይመጣ።

በሥራ መካከል ስልክ ሲደወል ምን ይሆናል? ይህ ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይነሣል። በ4ጂ ላይ ድምፅ ማስተላለፍ የማይችል ስልክ ሲደወልለት ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል፤ በ3ጂ ኢንተርኔቱ በዝግታ ይቀጥላል፤ በ2ጂ ግን ንግግሩ እስኪያበቃ ይቆማል። ሁለት ሲም ካርድ ያለው ስልክም ኢንተርኔቱ በአንደኛው ሲም ሲሠራ በሌላው ቢደወል፣ በብዙ ስልኮች ላይ ኢንተርኔቱ ለጊዜው ይቋረጣል። አሠሪዎቻችን በቀን ስንት ጊዜ እንደሚደወልላቸው ለሚያውቅ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። የጨረታ ሰነድ እየተላከ ሳለ የዘመድ ስልክ ገብቶ መላኩ ቢቋረጥ፣ ማን ይቆጣል ማን ይወቀሳል?

እንግዲህ ከዚህ ተነሥቼ ለንግድ ቤቶች የምሰጠው ምክር የባለቤቱን ስልክ የቢሮ መስመር አለማድረግ ነው። ባለቤቱ ከቢሮ ሲወጡ መስመሩ አብሮ ይወጣል። ሻል ያለ አሮጌ ስልክ በየቤቱ አይጠፋም፤ በድርጅቱ ስም የወጣ ሲም ካርድ አስገብቶ፣ ወርኀዊ ጥቅል ገዝቶ፣ በጸሓፊው መሳቢያ ውስጥ ማስቀመጥ ይቻላል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራና በተለምዶ ማይፋይ የሚባል ትንሽ መሣሪያም ይሸጣል። የጥቅሉ ዋጋ በቴሌብር ሲከፈል ደረሰኙ ስለሚቀመጥ ለሂሳብ ሠራተኛውም ያመቻል። በሠራተኛ የግል ስልክ ሲሠራ ግን የወጣውን ጥቅል በዕለቱ መተካት ይገባል። ሠራተኛው ስለ አክብሮት ባይጠይቅም የራሱን ገንዘብ እንዳወጣ ያውቃል፤ በሚቀጥለው ጊዜም ስልኬ ባትሪ የለውም ይላል።

ስልኩን የትም ወርውሮ መስመር ቀጠነ ማለትም አለ። በወፍራም ግንብና በቆርቆሮ መካከል የተሠራ ሱቅ ሞገድ ስለሚከለክል፣ ስልኩ በመስኮት አጠገብ ይቀመጥ፤ ፀሐይ በቀጥታ በማይመታው በኩል ግን ይሁን። ሆትስፖት የከፈተ ስልክ ይሞቃል፤ በፀሐይ ላይ ሲጨመርበት ራሱን ለማዳን ሥራውን ይቀንሳል ወይም ያቆማል። መብራት ለረዥም ሰዓት በጠፋ ጊዜ ደግሞ የስልክ ማማዎቹ በባትሪና በጄኔሬተር የሚደገፉ ስለሆነና የሠፈሩም ሰው ሁሉ ወደ ስልኩ ስለሚዞር መስመሩ መጨናነቁ አይቀርም። አስቸኳዩን ደብዳቤ በመጀመሪያው ሰዓት መላክ እንጂ መብራቱ ይመጣል ብሎ መጠበቅ አያዋጣም።

ላፕቶፑ ከስልኩ ጋር ተገናኝቻለሁ እያለ ኢንተርኔት የለም ካለ፣ በቅደም ተከተል የማደርገው ይህ ነው። ስልኩ ለራሱ ገጽ ይከፍት እንደሆነ አያለሁ። ጥቅሉ አልቆ እንደሆነ እመረምራለሁ። በስልኩ ላይ የዳታ ወሰን ተበጅቶ ሞልቶ እንደሆነ እመለከታለሁ፤ ይህን ወሰን ራሴ አበጅቼ ረስቼው አንድ ቀን ሙሉ ተቸግሬበታለሁና። ከዚያ በኋላ ሞባይል ዳታውን አጥፍቼ አበራለሁ፤ ካልሆነም ሁለቱንም መሣሪያ ዘግቼ እከፍታለሁ። ከውጭ አገር የመጣ ስልክ ከሆነ «ኤፒኤን» የሚባለው የመስመሩ አድራሻ ሳይሞላ ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ይህንን ከአገልግሎት ሰጪው ጠይቆ ማስገባት ነው።

ደብዳቤው መሄዱንም በዐይን ማየት ያስፈልጋል። «ላክ» የሚለውን መጫን መላክ አይደለም፤ ደብዳቤው ከ«አውትቦክስ» ወጥቶ «ሴንት» ወደሚለው ሳጥን መግባቱ መታየት አለበት። አስቸኳይ በሆነ ጉዳይ ተቀባዩን በስልክ ደውዬ «ደርሷል ወይ?» ብዬ እጠይቃለሁ፤ አሠሪዬም አሁን «ሄደ ወይ?» ማለታቸውን ትተው «ደረሰ ወይ?» እያሉ ይጠይቁኛል።

የቢሮው መስመር በተመለሰ ጊዜ ሆትስፖቱን መዝጋት አይረሳ። ላፕቶፑ የለመደውን መስመር ቶሎ ስለማይለቅ፣ ራውተሩ በርቶ ሳለ እንኳ ከስልኩ መጠጣቱን ሊቀጥል ይችላል። በዋይፋዩ ምልክት ላይ የየትኛው መስመር ስም እንደ ተጻፈ አይቶ፣ ስልኩን ቻርጀር ላይ ሰክቶ፣ ከጥቅሉ የቀረውን በማስታወሻ ደብተር ላይ ጽፎ ወደ መሳቢያው መመለስ ነው።